የተላጠውን ቆዳ አትቁረጡት፣ እብጠቱንም አታሹት

እህቴ፣ እናትሽ ትናንት ከባጃጅ ሲወርዱ ቅልጥማቸው ተልጦ ዙሪያው እንደበለዘ፣ የደም ማቅጠኛም እንደሚወስዱ ጽፈሻል። የተንጠለጠለው ቆዳ ይቆረጥ ወይ? እብጠቱንስ ወጌሻ ይሸው? ነው ጥያቄሽ። አዳማ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ የአረጋውያንን እግር ቁስል ሳጥብና ስጠቀልል ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱንም አታድርጉ።

የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው። ቅልጥም ላይ ደግሞ ከሥሩ ያለው አጥንት እንጂ ሥጋ አይደለም። ያ የተላጠ ቆዳ ካልጠቆረ መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ባይዝም ቁስሉን ይሸፍናል። በኖርማል ሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ በሚሆን ንጹሕ የጨው ውሃ)፣ ከሌለም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠብ። ከዚያ በረጠበ ጎዝ ቀስ እየተገፋ ወደ ቦታው ይመለስ። ጠርዙ ካልገጠመ በግድ አትጎትቱት። በላዩ ቫዝሊን ጎዝ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጎዝ፣ ከዚያ ላላ ያለ ፋሻ። ፕላስተር ፋሻው ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይለጠፍ፤ ሲነሳ ሌላ ቆዳ ይዞ ይመጣል። እኔ ፋሻው ላይ በእስክሪፕቶ ቀስት እሥላለሁ። ቀጥሎ የሚቀይረው ሰው ጎዙን ቆዳው ካልተላቀቀበት ወገን ጀምሮ እንዲያነሳ ነው።

አልኮል፣ የቡና ዱቄት፣ ከካፕሱል የተበተነ መድኃኒት ቁስሉ ላይ አይድረስ። በእኛ ከተማ ሙቀት "ይተንፍስ" ተብሎ ቁስል ሲገለጥ አያለሁ። ይደርቃል፣ ዝንብም ያርፍበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እብጠቱ ነው። ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሲታሽ መድማቱ ይብሳል። ከሥር የተጠራቀመ ደም ቆዳውን ወጥሮ ሊገድለው ይችላል። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ካብለጨለጨ፣ እየጨመረ ከሄደ ወይም ሕመሙ ካየለ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ከሆነማ ምንም ባይሰማቸውም አትጠብቂ። እስከዚያው ጋደም ይበሉ፣ እግራቸው ትራስ ላይ ከፍ ይበል። የሚያጠብቅ ላስቲክ ፋሻ የእግራቸው የደም ትርታ ሳይታይ አይታሰር፤ ስኳር ካለባቸው በተለይ።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታቸውንም ጠይቂ። ቁስሉ በ2 ሳምንት ካልቀነሰ ጎዝ መቀያየር ብቻውን አይበቃም፤ የደም ሥራቸውና ስኳራቸው ይታይ።

ማቅጠኛውን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ዋርፋሪን ከሆነ የመጨረሻውን የአይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።