ግማሹን ቀምሼዋለሁ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ከሦስት ወር በፊት ጃኬቱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠሩ አራት ነጫጭ ክኒኖች አገኘሁ። ማሸጊያ የላቸውም። ‹የወገብ ማስታገሻ ነው፣ ትራማዶል› አለኝ። ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ የአንዱን ግማሽ ቀመስኩት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዞረኝና ሲያስመልሰኝ ዋለ። ወንድሜ ጫት ይቅማል፣ ክኒኑን ማታ ለመተኛት የሚወስደው ይመስለኛል። በቀደም ሌሊት ድሮ ያልነበረበትን ማንኮራፋት ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ስጠራው ቶሎ አልነቃም። እናታችን ወተት አጠጣችው፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ተነሳ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ክኒን የሚያስመረምሩበት ቦታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛስ የት እንውሰደው? ፖሊስ ይይዘናል ብዬም ፈራሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ወንድምሽ በሕይወት አለ፣ አንቺም ጠይቀሻል።

የጠየቅሽኝ ስለ መመርመሪያ ቦታ ነው። እኔን ግን ከወንበሬ ያስነሳኝ መሀል ላይ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው፤ «ስጠራው ቶሎ አልነቃም» ያልሽው። አንቺንም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ባይነሳስ ብለሽ ነው የፈራሽው። እመለስበታለሁ።

የሰማሽው እውነት ነው። ሆላንድ ውስጥ ይህ አገልግሎት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ አለ። ኒውዚላንድ በ2021 በሕግ ፈቅዳዋለች። ሰውየው ክኒኑን ይዞ ይሄዳል። ባለሙያው ከጠርዙ ትንሽ ይፍቃል። አንዱ ዘዴ ኬሚካል ጠብ አድርጎ ቀለሙ ሲለወጥ ማየት ነው። ሌላው በብርሃን የሚለይ ማሽን ነው። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ወረቀት በውሃ በተበጠበጠው ውስጥ የሚነክሩም አሉ። ከዚያ ቁጭ አድርገው ያዋሩታል። «የገዛኸው የተባለውን አይደለም» ወይም «መጠኑ ካሰብከው እጥፍ ነው» ይሉታል። «ደህና ነው፣ ውሰደው» የሚል ግን የለም። ምርመራው ውስጡ ያለውን ይናገራል እንጂ ለማንም ዋስ አይሆንም።

ይህን ስነግራቸው «ሱሰኛ ማበረታታት ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔም ወጣት ሆኜ እንዲሁ እል ነበር። ተረኛ ሆኜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አስተዉኝ። ሊውጠው የቆረጠ ሰው የያዘውን አውቆ ቢፈራ ይሻለኛል። ነገሩ ደግሞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሴራሊዮን ውስጥ ወጣቱን የፈጀው «ኩሽ» የሚሉት ነገር ሲመረመር ናይታዚን የሚባሉ፣ ሞርፊን ከሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ በብዙ የበረቱ ኬሚካሎች ተገኝተውበታል። ፕሬዚዳንቱ በ2024 በዚሁ ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ መስኮት የለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላቦራቶሪ አለው፤ ሥራው ግን ለገበያ የሚቀርበውን መድኃኒት ጥራት መፈተሽ ነው። ከጃኬት ኪስ የወጣ ክኒን ይዘሽ የምትሰለፊበት ወረፋ የለውም። ፋርማሲስት ቅርጹንና የተቀረጸበትን ፊደል አይቶ ሊገምትልሽ ይችላል። ግምት ነው፤ ነጭ ክብ ክኒን ስንት ዓይነት አለ! ሽንቱን አስመርምረሽ «ነጻ ነው» ብትባይም አትተማመኚ። የተለመደው የሞርፊን መመርመሪያ ትራማዶልን አያየውም።

አሁን ልቆጣ። ግማሹን ቀመስሽው? መድኃኒት እንደ ወጥ ጨው ይቀመሳል እንዴ? ውስጡ የበረታ ነገር ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምትጽፍልኝ እናትሽ ነበረች። ደግሞስ ቀምሰሽ ምን አወቅሽ? ትራማዶልም ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ሌላውም እንደዚያው። በጓሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ በደንብ ያልታሸ ሊጥ ማለት ነው፤ አንዱ ጋ ጨው ይቋጥራል፣ አንዱ ጋ አልጫ ነው። ያንቺ ግማሽ ስለ ወንድምሽ ሙሉ ክኒን ምንም አይነግርሽም። ሦስት ወርስ ምን ስትጠብቂ ነው? ወገቡን ካመመው ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሐኪም እንኳ አላየውም!

ወደ ማንኮራፋቱ። ብዙ ቤት «አንኮራፋ» ማለት «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ማለት ነው። ክኒን የወሰደ ሰው ላይ ሲሆን ግን አደጋ ነው። ትራማዶልና መሰሎቹ ሲበዙ አእምሮ ትንፋሽን ይረሳል። ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ይጎተታል። የምትሰሙት ድምፅ ሰውየው ለአየር ሲታገል ነው። ጥልቅ፣ የሚያጓራ፣ ቆም ብሎ የሚቀጥል ነው። ቆም የሚለው ነገር እየረዘመ ይሄድና ድምፁም ይጠፋል። ቤተሰቡ ያኔ «ተመስገን፣ ረጋ» ብሎ መብራት ያጠፋል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ ልጅ በባጃጅ አመጡልን። ሸሚዙ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። አፍንጫው ውስጥም ወተት አለ። እናቱ ባዶውን ኩባያ በእጇ እንደያዘች ነው የገባችው፤ መያዟንም አላወቀችም። «እያንኮራፋ ነበር፣ ደህና ነው ብለን ነው» ትላለች ደጋግማ። እኛ በማሽን ከጉሮሮው የምንስበው ነጭ ነው። ልጁ ተረፈ፤ ወተቱ ሳንባው ገብቶ ግን ስንት ቀን አስተኝቶታል።

እስቲ ይህን ወተት እንጨርሰው። ወተት ክኒን አያረክስም። የተዋጠው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ወተት ተከትሎት ገብቶ አያወጣውም። ራሱን ያልያዘ ሰው ደግሞ የጉሮሮው በር በወጉ አይዘጋም፤ በአፉ የምታፈሱለት ወደ ሳንባው ይወርዳል። ወንድምሽ ጠዋት የተነሳው ወተቱ አድኖት አይደለም፤ ከክኒኑም ከወተቱም ተርፎ ነው። እናትሽን ግን አትቆጫት። እሷም ከእናቷ የሰማችውን ነው ያደረገችው። ዱዓዋን ታድርግ፣ ኩባያውን ታስቀምጥ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ፊቱ ላይ ውሃ መድፋት፣ ሁሉም ደቂቃ ከመብላት ሌላ የሚፈይደው የለም።

ማንኮራፋቱን ከሰማሽ ግቢና መብራት አብሪ። ስሙን ጮክ ብለሽ ጥሪው። ካልመለሰ የደረቱን መሀል አጥንት በጣትሽ አንጓ አጥብቀሽ እሺው። ስልክሽን ይዘሽ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ቁጠሪ። ጤነኛ ሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ10 ካነሰ፣ ወይም ካልነቃ፣ ወይም የከንፈሩ ውስጥና ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ሌላ ነገር አትመርምሪ። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ከሆነ ጥርጣሬሽ ይበርታ፤ ባይጠብም ግን አትዘናጊ። በጎኑ አስተኚው፣ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፊው፣ አንገቱን ቀና አድርጊለት። 907 ደውሊ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ካልመጣ በባጃጅ፣ በጎኑ እንደተኛ፣ ሰው ይዞት። እዚያው ኮምቦልቻ ግቡ፤ በሌሊት ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ካልደረስን አትበሉ። መተንፈስ ካቆመ አፍንጫውን ይዘሽ በየአምስት ሰከንዱ በአፉ አንድ ትንፋሽ ስጪው። ናሎክሶን የሚባል መርፌ አለ፤ የእነ ሞርፊንን ጉዳት ይመልሳል፣ የትራማዶሉን ግን በከፊል ነው። የሚወጋው ሰው ጋ በጊዜ መድረስ ይኖርባችኋል።

ጫቱን ነግረሽኛል፣ ጥሩ አደረግሽ። ምርቃናው እያለ ክኒኑ አይታወቅም። «አልሠራልኝም» ብሎ ይደግማል። ሌሊት ጫቱ ሲለቅ ክኒኖቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለጨብሲ ቢራ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ዳያዚፓም የሚባለው የማረጋጊያ ክኒንም እንደዚያው። ትራማዶል ሲበዛ ሰውን ጥሎ ሊያንቀጠቅጥም ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። አቁም በይው፤ እስኪያቆም ግን ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን አይውሰድ፣ መጠጥ አይቀላቅልበት፣ አልሠራም ብሎም አይድገም። ይህን ማለት መፍቀድ አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በእኔ አሳብቢ።

ክኒኑን ነጥቀሽ ሽንት ቤት አትጨምሪበት። በየቀኑ ሲወስድ ከርሞ ከሆነ በአንዴ ሲቆም ያልበዋል፣ ያዛጋዋል፣ እግሩን ያቁነጠንጠዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ አንዳንዱንም ያንቀጠቅጠዋል። ቀስ ተብሎ የሚቀነስበት መንገድ አለ፣ እኛ እናውቀዋለን። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስንልሽ ደግሞ «ወንድሜ አብዷል አሉኝ» ብለሽ አታልቅሺ። የሱስ ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ስለሆነ ነው። የፖሊሱን ነገር ተይው። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የምንጠይቀው ምን ዋጠ፣ መቼ ዋጠ፣ ከምን ጋር ዋጠ ብለን ነው።

ወንድምሽን ይዘሽው ነይ። በዚህ ሳምንት፣ ጠዋት፣ ገና ጫት ሳይቀምስ። ወገቡንም አየዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውል ሰው ወገቡን አመመኝ ቢል አምነዋለሁ። ከክኒኖቹ የቀረ ካለም በዚያው ላስቲክ ይዛችሁ ኑ፣ ያቺን ግማሿንም ጭምር።