የሠርጉ ኪው አር ኮድ ከመታተሙ በፊት

ጥያቄ፦ እህቴ ከጥምቀት በኋላ ባለው የጥር ሳምንት እዚሁ ጎንደር ትዳራለች። እንግዶች በየስልካቸው የሚያነሷቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ተበታትነው እንዳይቀሩ በማለት በጎግል ድራይቭ አንድ ፎልደር ከፍቼ፣ ከአንድ ነፃ ድረ ገጽ ኪው አር ኮድ አሠርቻለሁ። በስልኬ ስካን ሳደርገው ወዲያው ይከፍታል። ኮዱ በጥሪ ካርዱ ጀርባና በዳሱ ውስጥ በየጠረጴዛው በሚቆም ካርድ ላይ በወርቃማ ቀለም እንዲታተም ልሰጥ ነው። ማተሚያ ቤቱ አንዴ ከታተመ በኋላ ማስተካከያ እንደሌለ ነግሮኛል። ከዚያ በፊት ምን ልሞክር?
የሙሽራዋ እህት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ኮዱ በእርስዎ ስልክ መከፈቱ የሚያረጋግጠው መነበቡን ብቻ ነው። ፎልደሩ የእርስዎ ስለሆነ ስልክዎ እንደ ባለቤት ያስገባዎታል፤ እንግዳው የሚገጥመውን ግን አያሳይዎትም። ጎግል ድራይቭ አዲስ ፎልደርን ለባለቤቱ ብቻ ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው። ሊንኩ ላለው ሁሉ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚሰጠው የማየት ፈቃድ እንጂ የመጨመር ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ፈቃዱን ወደ ማስተካከል ካልቀየሩት እንግዳው ፎልደሩን ያያል፣ የሚልክበትን ቦታ ግን ያጣል። ፈቃዱ ከተሰጠም በኋላ ፋይል ለመጫን በጎግል አካውንት መግባት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ ወይም አካውንቱን ልጁ የከፈተለት ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

በመሆኑም ዋናውን ሙከራ የሚያደርጉት እርስዎ ባይሆኑ ይመረጣል። ናሙናውን በወረቀት አሳትመው ለአንዲት አክስትዎ ይስጧቸው፤ ስልካቸው ርካሽና ቆየት ያለ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። «አንድ ፎቶ ይላኩልኝ» ከማለት ውጭ ምንም ሳይነግሯቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ጣታቸው የት እንደሚቆም ይመልከቱ። ካሜራውን ከፍተው ወደ ኮዱ ማዞር እንዳለባቸው ካላወቁ ከኮዱ በላይ በአማርኛ የሚጻፍ አንድ መስመር ጎድሏል ማለት ነው። ካሜራቸው ኮድ የማያነብ ከሆነ ደግሞ አጭር ሊንክ ከኮዱ ሥር መታተም አለበት። አካውንት ሲጠየቁ ስልኩን መልሰው ከሰጡዎት ግን ችግሩ ከመረጡት መንገድ ስለሆነ ያለ አካውንት መላክ ወደሚያስችል አገልግሎት ወይም አብዛኛው እንግዳ ወደሚጠቀምበት የቴሌግራም ግሩፕ መዞር ይሻላል። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል ጥራቱን ስለሚቀንስ፣ ለትልቅ አልበም የሚፈለገው ፎቶ በፋይል መልክ እንዲላክ በካርዱ ላይ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ነፃ ድረ ገጽ ማለትዎ አሳስቦኛል። ኮዱን ስካን ሲያደርጉ፣ ከመክፈትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አድራሻ ያንብቡ። የጎግል ድራይቭ አድራሻ ከሆነ ሊንኩ በቀጥታ በኮዱ ውስጥ ተጽፏልና ኮዱን የሠራው ድረ ገጽ ሊዘጋው አይችልም። የሚታየው ኮዱን የሠራው ድረ ገጽ አድራሻ ከሆነ ግን እንግዳው በዚያ በኩል ተሻግሮ ነው የሚያልፈው፤ የነፃ ሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ወይም ድረ ገጹ ሲዘጋ ካርዱ ላይ ያለው ኮድ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጥሪ ካርድ ከሠርጉ ሳምንታት ቀድሞ ስለሚታደል ይህ ዛሬውኑ ሊጣራ የሚገባው ነው።

ወርቃማው ቀለም ይቅር። በክሬም ወረቀት ላይ የሚያብረቀርቅ ወርቅ ለዓይን ያምራል፣ ካሜራ ግን ጥቁሩን ከነጩ የሚለይበት ንፅፅር ያጣል። ወርቁን ለሙሽሮቹ ስምና ለካርዱ ጠርዝ አድርጉት፤ ኮዱ በነጭ ላይ ጥቁር ይሁን፣ ዙሪያውንም ቢያንስ የ4 ትንንሽ ካሬዎቹ ስፋት ያህል ባዶ ይተውለት። መሐሉ ላይ የሙሽሮቹን የስም መነሻ ፊደላት ማስገባት ካማራችሁ ኮዱ በከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ ይሠራ፤ በዚህ ደረጃ የተሠራ ኮድ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ክፍሉ ቢሸፈን ወይም ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል። መጠኑን በተመለከተ የተለመደው ስሌት የርቀቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ለሚነበብ የጠረጴዛ ካርድ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ከ2 ሜትር ለሚነበብ የዳስ ባነር ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ለማተሚያ ቤቱ ሲልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላኩ። ካርዱ ላሚኔት የሚደረግ ከሆነ ናሙናውም ላሚኔት ይደረግ፤ የአምፖል ነጸብራቅ ኮዱን የሚሸፍነው ያኔ ነውና፣ ሙከራው ማታ በዳሱ መብራት ሥር ይሁን።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ በአይፎን በ4ኬ (በከፍተኛ ጥራት) የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ 170 ሜጋባይት ያህል ሊመዝን ይችላል፤ እንግዳው ይህን የሚልከው ከራሱ ጥቅል ቆርሶ ነው። በተጨናነቀ ዳስ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲልክ ደግሞ ዳታው መንቀራፈፉ አይቀርም። ስለዚህ ከቤትዎ ዋይፋይ ላይ አጭር ፎቶ ልኮ «ሠራ» ማለት አይበቃም፤ በሥፍራው ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ ሙሉ ቪዲዮ ተልኮ ይታይ። የተላከውንም በኮምፒውተር አውርደው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ አይፎን ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀምበትን የፎቶ ዓይነት አንዳንድ ቆየት ያሉ ኮምፒውተሮች አይከፍቱትም። ካርዱ ላይ «ከሠርጉ በኋላም ከቤትዎ መላክ ይችላሉ» የሚል ቃል ቢጨመር፣ ፎልደሩም መልሱና ቅልቅሉ አልፎ ለሳምንታት ክፍት ቢቆይ ብዙ ቪዲዮ ይተርፋል። በፋሲል ግቢ የሚነሳውን ፎቶግራፈሩ ይይዘዋል፤ የእናትን ምርቃትና ከጓሮ ያለውን የድግስ ሽርጉድ ግን የሚያነሳው እንግዳው ነው።

አንድ ነገር ላሳስብ። እኔ ብሆን ኮዱን በጥሪ ካርዱ ላይ አላስቀምጠውም። ጥሪ ካርድ በስልክ ተነስቶ ከሰው ሰው ይሻገራል፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ የልጆቻችሁንና የእንግዶቻችሁን ፎቶ ያያል፣ የማስተካከል ፈቃድ ካለውም ከፎልደሩ ሊያወጣ ይችላል። በተጨማሪም ድራይቭ ውስጥ እንግዳው የጫነው ፋይል በእንግዳው ስም ስለሚቆይ፣ እሱ ሲያጠፋው ከእናንተም ይጠፋል። የጠረጴዛው ካርድ ብቻውን ይበቃል። ከሚዜዎቹ አንዱም የገባውን ሁሉ በየማታው ወደ ሌላ ማስቀመጫ እንዲገለብጥ አስቀድሞ ይመደብ።

የመጨረሻው ሙከራ በሠርጉ ዋዜማ፣ ከታተመው ካርድ ላይ፣ በሌላ ሰው ስልክ ይደረግ። ያኔ ባይሠራ እንኳ አዲስ ኮድ በጥቁርና ነጭ አትሞ በየጠረጴዛው ለማስቀመጥ ጊዜ አለ፤ ፒያሳ ያሉ የኮፒ ቤቶች በደቂቃዎች ውስጥ ያደርሱታል።