መልስ፦ 20 ኮሌጅ ላይ ላመልክት ወይስ ጥቂት ልምረጥ?

እህቴ፣ ኮመን አፕሊኬሽን (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች ለማመልከት የሚያስችለው ድረ ገጽ) የሚፈቅደውን 20 የአሜሪካ ኮሌጅ በሙሉ ብሞላ ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። ዋናው ድርሰት ለሁሉም አንድ ነው፤ ከ650 ቃላትም አይበልጥም። ጉልበት የሚጨርሰው ብዙዎቹ ለየብቻ የሚጠይቁት ተጨማሪ ጽሑፍ ነው። «ለምን እኛን መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ የኮሌጁን ስም ብቻ እየቀየርሽ አንዱን መልስ ብትልኪ ያስታውቅብሻል። የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ከፍተሽ፣ ልትማሪው የምትጓጊለትን ኮርስ በስሙ ጥቀሺ፤ ያጓጓሽን ምክንያትም ጻፊ። ይህን ለሃያ ኮሌጅ ከልብ መሥራት ይከብዳል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ይበቃሻል።

ስለ ገንዘብ ምንም አለማንሳትሽ ግን አሳስቦኛል። በ«ኧርሊ ዲሲዥን» ማመልከት ማለት ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ ቃል መግባት ነው፤ የተለያዩ ኮሌጆችን የገንዘብ ድጋፍ አወዳድሮ የመምረጥ ዕድል ያሳጣሻል። «ኧርሊ አክሽን» በአንጻሩ መልሱን ቀድሞ ያሳውቅሻል እንጂ አያስርሽም። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ከወላጆችሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስሊያ ሙሉ። በይፋ የተጻፈው ክፍያና አንድ ቤተሰብ በትክክል የሚከፍለው በእጅጉ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ውድ መስሎሽ የሰረዝሽው ኮሌጅ የተሻለ ድጋፍ ሊሰጥሽም ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን ዛሬውኑ ጠይቂ። ብዙ የቅድሚያ («ኧርሊ») ማመልከቻዎች ኖቬምበር 1 ይዘጋሉ፤ መምህራኑም የሚጽፉት ለአንቺ ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ውጤት ከሰጡሽ ይልቅ፣ ከብዶሽ ስትታገዪ ያዩሽን መምህር አስቀድሚ።