ያንግሜይ መትከል ለምትፈልጉ ልጆቼ፦ መጀመሪያ አቮካዶ አዳቅሉ

ልጆቼ፣ ሰላማችሁ ይብዛ።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የምትልኩልኝ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ጥቁር ቀይ፣ ድቡልቡል፣ ላዩ ሻካራ ፍሬ፤ አንዱ ከዛፍ ላይ ይቀጥፈዋል፣ ጭማቂው በጣቱ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ጥያቄው ይከተላል፦ «ጋሼ፣ ይሄ ያንግሜይ የሚባለው እኛ ግቢ አይበቅልም? ዘሩን እኮ ኦንላይን ይሸጡታል።» ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከምመልስ አንድ ላይ ብጽፍላችሁ ይሻላል አልኩ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነውና ነገሬ ከዘር ስለሚነሣ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ያንግሜይ የደቡብ ቻይና ዛፍ ነው። ከያንግትዜ ወንዝ በስተደቡብ ባሉት ኮረብታማ አካባቢዎች፣ በተለይ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ከጥንት ጀምሮ ይለማል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ፍሬው የሚደርሰው በሰኔ፣ የአገሩ ዝናብ ሲበረታ ነው። ልጣጭ ስለሌለው ከዛፍ በወረደ በሁለትና በሦስት ቀን ይበላሻል፤ እንደ ማንጎ በየአገሩ ገበያ የማታዩትም ለዚህ ነው። ቻይናውያን ከመብላታቸው በፊት ጨው ባለው ውኃ ይዘፈዝፉታል፤ ውስጡ የተደበቀ የዝንብ ትል ካለ እንዲወጣ ብለው። ይህን ቪዲዮው አላሳያችሁም! ስመ ጥር ከሆኑት ዝርያዎች ዶንግኩይ በፍሬው ትልቅነት፣ ቢቺ ደግሞ በጥቁረቱና በጣፋጭነቱ ይወደሳሉ።

እዚያው ዠጂያንግ ውስጥ ሺያንጁ በሚባል ወረዳ ገበሬዎቹ ያረጁ የያንግሜይ ዛፎችን ከሻይ ቁጥቋጦ፣ ከንብ ቀፎና ከዶሮ ጋር በአንድ ኮረብታ ላይ ይዘው ኖረዋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን አሠራር በዓለም አቀፍ የግብርና ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ዓመት የእኛው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ በአንድ ማሳ። ገበሬና ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ላይ መድረሳቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። የደጋ ልጆች ሽነት የሚባለውን ዛፍ ታውቁታላችሁ። ሽነትና ያንግሜይ በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ሞሬላ ከሚባለው ነገድ ይመደባሉ። የያንግሜይ ሥር እባጭ ያወጣል፤ እባጩ ውስጥ ፍራንኪያ የተባለ ባክቴሪያ ተቀምጦ ከአየር ናይትሮጅን ይመግበዋል። ዛፉ በድሃና አሲዳማ አፈር፣ በተራቆተ ዳገት ላይ መቆም የቻለውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ፤ ብር የሚያስወጣችሁ እሱ ነውና። ያንግሜይ ወንዱም ሴቷም ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ብናኙን ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚወስደው ነፋስ ነው፤ የሚበላ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ። ከዘር የበቀለ ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት አበባ እስኪያወጣ ድረስ አይታወቅም፣ አበባ ለማየት ደግሞ ዐሥር ዓመት ገደማ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት በፍሬው መሀል ባለው፣ ድንጋይ በመሰለው ቅርፊት ውስጥ ያለው ዘር ራሱ ለወራት ተኝቶ ይቆያል። ወንድ ከወጣላችሁ ጥላ አተረፋችሁ። ሴት ብትሆንም እንኳ ፍሬዋ እናቷን ይመስላል ያለ የለም። በቪዲዮ ያያችሁት ዶንግኩይ ከዘሩ ዶንግኩይ ሆኖ አይወጣም።

ቻይናውያኑ ታዲያ ከዘር የሚያበቅሉት ሩትስቶክ፣ ማለትም ሌላ ቅርንጫፍ የሚገጠምበትን ባለ ሥር ችግኝ፣ ለማግኘት ነው። በጸደይ፣ ቡቃያው ሊፈነዳ ሲል፣ ከምትታወቅ ሴት ዛፍ ሳዮን፣ ማለትም ቡቃያ ያለው ቁራጭ ቅርንጫፍ፣ ቆርጠው ያዳቅሉበታል፤ ማዳቀል የምለው ይህን መግጠሙን ነው። ሥራው ለእነሱም ቀላል አይደለም፤ ግንዱ ታኒን የበዛበት ስለሆነ የተቆረጠው ገጽ ቶሎ ይጠቁራል፣ የሚዘገይ እጅ አይወድም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ በውድ የተገዛ፣ በሩቅ አገር ፍሬ ላይ እጃችሁን አታፍታቱ። ከየጁስ ቤቱ በከረጢት የሚጣል የአቮካዶ ዘር እያለላችሁ! ሄዳችሁ ብትጠይቁ አመስግነው ይሰጧችኋል።

እዚህ ላይ የሃስ አቮካዶን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ዘርና ማዳቀል በአንድ ዛፍ የተገናኙበት ነውና። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታ የሚያድል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ላ ሀብራ ሃይትስ በሚባል ቦታ ዘር ተከለ። ዓላማው ችግኞቹ ላይ በጊዜው ታዋቂ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ የአቮካዶ ዝርያ ማዳቀል ነበር። አንደኛው ችግኝ ላይ የተዳቀለው አልይዝ አለ። ሊቆርጠው ሲያስብ የሚያዳቅልለት ባለሙያ ተወው ይደግ አለው። ያ ዛፍ ያፈራው ፍሬ ነው ዛሬ በዓለም ገበያ የሚታወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓተንት ወጣበት። እናት ዛፏ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር አበስባሽ በሽታ ሞታለች፤ በየአገሩ ያለው የሃስ ዛፍ ግን በሙሉ ከእሷ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተዳቀለ የመጣ ነው። «እንግዲያው እኔም ከዘር አዲስ ሃስ ባገኝስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልታገኝ ትችላለህ ልጄ፣ ሎተሪም የሚደርሰው ሰው አለ። የግቢህ ቦታ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ዛፍ ነው የሚበቃው።

ወደ ሥራው። ዘሩ ከፍሬው በወጣ በጥቂት ቀን፣ ሳይደርቅ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሾጣጣው ወደ ላይ ሆኖ በችግኝ ከረጢት ይተከል። የአካባቢያችሁን አፈር፣ የበሰለ ፍግና አሸዋ ደባልቁ፤ ውኃ የሚያቁር አፈር አቮካዶን ከሥሩ ይገድለዋል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ ሩትስቶኩ ደርሷል። ሳዮኑን የምትቆርጡት ፍሬ ሲሰጥ በዓይናችሁ ካያችሁት ዛፍ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ያሉት ቡቃያዎች ወፈር ብለው ገና ሳይፈነዱ። ቅጠሉን ወዲያው ቀንጥሱት፣ አንገቱን ብቻ አስቀሩ፤ ቅጠል ከቀረበት ውኃውን ጨርሶ ይደርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አቆዩትና ቢቻል በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

ከሠራሁባቸው ጣቢያዎች በአንዱ እጇ የታወቀ ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚላኩ ልጆች ግን አጠገቧ ቁጭ ብለው ይማሩ ነበር። ሩትስቶኩን ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ትቆርጠውና መሀሉን በምላጭ ቁልቁል ትሰነጥቀዋለች። ሳዮኑን በግራና በቀኝ ትጠርበውና ሽብልቅ ታደርገዋለች። የምትጠርበው በአንድ ስበት ነው፤ ምላጭ ከተመላለሰ ገጹ ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደ ደግሞ አይገጥምም። ከዚያ ልጣጩን በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ፣ ሙልጭልጭ ሽፋን ታሳያቸዋለች። መጽሐፉ ካምቢየም የሚለው እሱ ነው። የሁለቱ ካምቢየም ካልተነካካ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ሳዮኑ ከሩትስቶኩ ቀጠን ያለ እንደሆነ መሀል ላይ አታስቀምጠውም፤ ወደ አንድ ጎን ታስጠጋዋለች፣ ቢያንስ በዚያ በኩል ልጣጭ ከልጣጭ እንዲገጥም። ፕላስቲኩን ከታች ወደ ላይ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረበች ትጠመጥመዋለች፤ ከላይ የወረደ ውኃ ሳይገባ እንዲያልፍ። ዛፍ በለወጠች ቁጥር ምላጯን በአልኮል ትጠርጋለች፣ ሰው ቆሞ እየጠበቃትም ቢሆን። አለቃ ቢቆጣም አትቸኩልም ነበር። እኔም ካየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ አብልጬ የማከብራት እሷን ነው።

ከታሰረ በኋላ ከላይ ቀጭን ፌስታል አልብሱትና ጥላ ሥር አስቀምጡት። ሦስትና አራት ሳምንት ጠብቁ። ወጣት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ያዘ ወይስ አልያዘም እያለ በየጠዋቱ ይነካካዋል፣ በተነካካ ቁጥር መጋጠሚያው ይላቀቃል። ውኃውን ከሥር አጠጡ፣ መጋጠሚያውን አታርጥቡ። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ቡቃያ ግን ሳትራሩ ንቀሉ፤ እሱ የሩትስቶኩ ነው፣ ከተዋችሁት ሳዮኑን አስርቦ ይገድለዋል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ይደርቅባችኋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ዘር ትከሉ፤ አንድ ችግኝ ብቻ ይዞ የሚለማመድ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ስለ አበባውም አንድ ነገር። አቮካዶ ላይ ወንድና ሴት ዛፍ የለም፤ እያንዳንዱ አበባ ግን በመጀመሪያው ቀን ሴት ሆኖ ተከፍቶ ይዘጋል፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። እንደ ሃስ ያሉት ዝርያዎች ሴትነታቸው ጠዋት ነው፤ እንደ ፉዌርቴና ኤቲንገር ያሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ምንም አያፈራም ማለት አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር ተመካክራችሁ እናንተ ሃስ፣ እነሱ ኤቲንገር ቢተክሉ ግን ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ብናኙን የሚያመላልሰው ንብ ነውና በመካከላችሁ ያለውን አጥር ለእሱ ተዉት።

ከእናንተ ውስጥ ችግኝ እያዳቀለ ሊሸጥ የሚያስብ አለ፤ መልካም እንጀራ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ግን ያስመረረኝን ልንገራችሁ። መንገድ ዳር «የዳቀለ» ተብሎ የሚሸጠው ችግኝ ብዙ ጊዜ ከዘር የበቀለ ተራ ችግኝ ነው። ገዢው ያምናል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በጋውን ውኃ ይሸከማል። የዳቀለ ቢሆን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ማየት ሲጀምር፣ ይህኛው ሰውዬ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው መታለሉን የሚያውቀው፤ ያኔ ሻጩን የት ያገኘዋል? ስለዚህ ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩ። መጋጠሚያው ጠባሳ አለው፣ ከላይና ከታች የልጣጩ መልክ ይለያል። ጠባሳ የሌለው ችግኝ በደላላ ምላስ አይዳቀልም። ስትሸጡ ደግሞ የዝርያውን ስም ጽፋችሁ እሰሩበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል፣ እርሳስ ይቆያል።

ከዚህ የሚብሰው በሻንጣ የሚመጣው ነው። «አጎቴ ከቻይና ሲመለስ ቅርንጫፍ ያምጣልኝ?» ብላ የጠየቀችኝ ልጅ አለች። አያምጣልሽ። ዋይት ማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይ እኛ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። ቅጠል ላይ የተለጠፈ ነጭ ነጥብ ነው፤ በችግኝና በፍሬ ተሳፍሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቶ የስንቱን ገበሬ ማንጎ ገበያ አሳጥቶታል። ዕፅ ከውጭ የሚገባው በማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር በሚሰጥ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ያንገሸግሻል፣ አውቃለሁ። ተባዩ ግን ከገባ አይወጣም።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ልጆቼ ከእኛ ይቀናችኋል፤ እዚያ ያንግሜይ እየተለማ ነው፣ የዳቀለ ዛፍም ይገኛል። ስትገዙ የዝርያውን ስም ጠይቁ፣ ሴት መሆኗንም አረጋግጡ። አሲዳማና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ትፈልጋለች፤ የዚያ አገር በጋ ደረቅ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ አታጓድሉባት። ናይትሮጅን ከሥሯ እባጭ ታገኛለችና ፍግና ዩሪያ አታብዙባት፤ ቅጠሏ ይንዠረገግና ፍሬዋ ይቀራል። ለወንዱ ዛፍ ቦታ ከሌላችሁ ከወንዱ አንዲት ሳዮን ለምናችሁ በሴቷ ቅርንጫፍ ላይ አዳቅሉ፤ ያቺ ቅርንጫፍ ለብናኙ ትበቃለች። ምልክት ግን እሰሩባት፣ አለዚያ «ይቺ ፍሬ አትሰጥም» ብሎ በመቀስ የሚቆርጣት ዘመድ አይጠፋም።