ለአነስተኛ በጀት የካድ ኮምፒውተር የትኛው ማዘርቦርድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የምሠራ አርክቴክት ነኝ። በአብዛኛው የመኖሪያ ቤቶችንና እስከ ጂ+4 የሚደርሱ ሕንፃዎችን በአውቶካድና በሬቪት የምነድፍ ሲሆን፣ ደንበኛ ሲጠይቀኝ በሉሚዮን ሬንደር አደርጋለሁ (ንድፉን ፎቶ በሚመስል ምስል አወጣለሁ)። ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰርና ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ገዝቻለሁ። ስለ ማዘርቦርድ ስጠይቅ አንዱ ሻጭ «ኤች610 ይበቃሻል» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ለካድ ሥራ ከዜድ790 በታች እንደማይሆን ነገረኝ። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ትተው በመካከላቸው ያለውን ቢ760 እንዲገዙ እመክርዎታለሁ፤ እሱም ዲዲአር4 የሚቀበለውንና አራት የራም ማስገቢያ ያለውን ነው።

ዜድ790 የሚወደድበት አንዱ ዋና ምክንያት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት ስለሚያስችል ነው። ይህ ጥቅም የታሰበው ግን በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ላለባቸው ፕሮሰሰሮች በመሆኑ፣ የእርስዎ 12400 አይጠቀምበትም። በአውቶካድና በሬቪት ግድግዳ ሲያቆሙ ወይም መስኮት ሲያዛውሩ አብዛኛውን ስሌት የሚሸከመው አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍሎች አንዱ) ነው፤ የዚያን ኮር ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ፕሮሰሰሩ እንጂ የማዘርቦርዱ ዋጋ አይደለም። ሉሚዮንም የሚደገፈው በግራፊክስ ካርዱ ነው። ስለዚህ ለዜድ790 ሊያወጡት የነበረውን ትርፍ ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድና ለራም ቢያውሉት ልዩነቱን በየቀኑ ሥራዎ ላይ ያዩታል።

ታዲያ ኤች610 ለምን አይበቃም? ሥራ ማስጀመሩን ያስጀምራል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ነው። ኤች610 ያለው የራም ማስገቢያ ሁለት ብቻ በመሆኑ፣ እጅዎ ላይ ያሉት ሁለት ራሞች ገና ከመጀመሪያው ይሞሉታል። የስትራክቸሩና የሳኒተሪው ፋይል ተያይዞበት የሬቪቱ ሞዴል ሲከብድና 16 ጊጋባይቱ ሲያንስ፣ ወደ 32 ለማደግ ሁለቱንም ራሞች አውጥተው በሁለት ባለ 16 መተካት ይኖርብዎታል፤ የወጡትን የሚገዛዎት ካገኙም የሚከፍለው ከገዙበት በታች ነው። አራት ማስገቢያ ባለው ላይ ግን ተመሳሳይ ሁለት ራሞች ጨምረው ሥራዎን ይቀጥላሉ። ቢ760 የሚል ስም ብቻ አይቶ መግዛትም አይበቃም፤ ሁለት ማስገቢያ ብቻ ያላቸውም ዲዲአር5 ብቻ የሚቀበሉም ስላሉ፣ ማስገቢያዎቹን ይቁጠሩ፣ ካርቶኑም ላይ «ዲዲአር4» ወይም «ዲ4» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ዙሪያ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ኃይል የሚያስተካክሉ ጥቃቅን ጥቁር ክፍሎች አሉ፤ በላያቸው ሙቀት የሚያበርድ ብረት የተገጠመበትን ይምረጡ። የእርስዎ ፕሮሰሰር በመደበኛ ሥራ 65 ዋት ቢባልም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 117 ዋት ስለሚወስድ፣ ወደፊት በፕሮሰሰር ለሰዓታት ሬንደር የሚያደርግ ፕሮግራም ቢጠቀሙ ብረቱ ያስፈልግዎታል። ቢ760 የ13ኛውንና የ14ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰሮችም ይቀበላል። ወደ እነሱ ከመሻገርዎ በፊት ግን ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ፕሮግራም) ማደስዎን አይርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የእነዚህ ትውልዶች አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ከመጠን በላይ በሆነ ቮልቴጅ እንደሚጎዱ አምኖ መፍትሔውን ያወጣው በባዮስ ማሻሻያ ነው። የእርስዎ የ12ኛው ትውልድ ስለሆነ ይህ ችግር አይመለከተውም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሣ የሚያደርግ ምርጫ ባዮሱ ውስጥ ስላለ «ኦፍ» ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራውን ዩፒኤስ መግዛትንም ለሌላ ጊዜ አያስተላልፉት።

በመጨረሻ የማነሣው በራሴ የደረሰ ነው። ለአንድ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ስገጣጥም 32 ጊጋባይት ራም አስገብተን ዊንዶውስ የሚያሳየን 16 ብቻ ሆነ። ራሞቹን ስናፈራርቅ ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ፕሮሰሰሩን አንሥተን ሶኬቱን በስልክ መብራት ብናየው፣ ከፒኖቹ አንዱ ከመስመሩ ወጥቶ ጎንበስ ብሏል። ሻጩም «እናንተ ናችሁ ያጎበጣችሁት» ብሎ አልመልስም አለ፤ አለመሆናችንን የምናስረዳበት ምንም ማስረጃ አልነበረንም። የእርስዎ ሶኬት 1700 ፒኖች አሉት። ሳይከፍሉ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን ያስነሡ፣ የስልክዎን መብራት ከጎን ያብሩበት፣ ማዘርቦርዱንም ቀስ አድርገው ያዘንብሉት። የፒኖቹ ጫፎች በረድፍ በረድፍ እኩል ካንጸባረቁ ደህና ነው፤ በመካከል አንዲት የጨለመች ነጥብ ካዩ ግን ሌላ ካርቶን ያስከፍቱ። ክዳኑንም ከካርቶኑ ጋር ያስቀምጡት፤ ማዘርቦርዱ በዋስትና የሚመለስ ከሆነ በመንገድ ላይ ፒኖቹን የሚጠብቀው እሱ ነው።