ጠባብ ቤት ምን ዕቃ ይችላል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጠባብ ቤት ናቸው። ከመሀል ከተማ ላለመራቅ ብሎ ጠባብ ቤት የመረጠ ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ዘመዱም ጎረቤቱም እዚሁ ነው። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ የመለስኩት የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እዚያው ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ፣ ባለቤቴና የዘጠኝ ወር ልጃችን ነን። ዋናው ክፍል ወደ 15 ካሬ ነው። ሜትር ከሃምሳ አልጋና ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን አለን። አሁን እቁብ ደርሶናል። እንግዳ ስለሚበዛብን እኔ ኤል ሼፕ ሶፋ እንግዛ እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አልጋውን ሸጠን ሶፋ አልጋ እንግዛ፣ ቤቱ ይሰፋል ይላል። ማናችን ነን ትክክል? (ከልደታ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደረሳችሁ። እኔ ብሆን ግን ሁለቱንም አልገዛም።

ከአንቺ ሶፋ እንጀምር። ሱቅ ውስጥ የምናየው ኤል ሼፕ አንዱ ጎኑ 2.50 ሜትር፣ ሌላው 1.80፣ ጥልቀቱ 90 ሳንቲም ቢሆን ብቻውን 3 ካሬ ይበላል። አልጋችሁ ወደ 3 ካሬ፣ ቁም ሳጥኑ ደግሞ 1 ካሬ ገደማ ነው። ከ15ቱ 7ቱ ሄደ ማለት ነው። ቀሪው 8 ካሬ ብዙ ይመስላል፤ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ አታገኚውም። ከበር ወደ ሽንት ቤት ማለፊያ ቢያንስ 60 ሳንቲም ያስፈልጋል፣ የቁም ሳጥኑ በር መከፈት አለበት፣ አልጋው ጎንም ሰው መቆም አለበት። እነዚህ ሲቀነሱ ልጃችሁ የምትድህበት ቦታ አይቀርም። ልጅ በዚህ ዕድሜ ከምንም በላይ ወለል ነው የሚያስፈልገው።

የባለቤትሽ ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሶፋ አልጋ ቦታ የሚቆጥበው በየማታው ከተዘረጋና በየጠዋቱ ከታጠፈ ብቻ ነው። ሌሊቱን ለጡት ስትነሺ ያደርሽ እናት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንሶላ ገፈሽ፣ ብርድ ልብስ አጣጥፈሽ፣ ትራሱን የት ልክተተው እያልሽ፣ ከዚያ ሶፋውን ጎትተሽ ልትመልሺ ነው? ቀን ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ እንደገና ይዘረጋል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል፤ ጥቂት ሳምንት ይታጠፍና ከዚያ ተዘርግቶ ይቀራል። ተዘርግቶ የቀረ ሶፋ አልጋ ደግሞ መሀሉ የሚጎረብጥ አልጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አልፎ አልፎ ለሚያድር እንግዳ ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ዓመቱን ሙሉ እንዲተኛበት ግን አልመክርም፤ ማጠፊያው ይላላል፣ ስፖንጁም ቀን በመቀመጥ ማታ በመተኛት ቶሎ ይሰረጎዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አልጋውን አትሽጡት፣ ሥሩን ተጠቀሙበት። ሜትር ከሃምሳ አልጋ ሥር 30 ሳንቲም ከፍታ ቢኖር የሚገኘው ቦታ የአንድ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ግማሽ ያህል ነው። ሻንጣው፣ ጋቢው፣ ለልጅቷ ያነሳት ልብስ ሁሉ እዚያ ይገባል። ጥሩ አናጺ ያለውን አልጋ ከፍ አድርጎ ሳጥን ሊሠራለት ይችላል። መሳቢያ ከሆነ ከአልጋው ጎን 60 ሳንቲም ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ከሌላችሁ ፍራሹ በጋዝ ፒስተን ወደ ላይ የሚነሳውን ዓይነት አሠሩ። ፒስተኑ ክብደቱን መቻሉን ፍራሹ ተጭኖበት እዩ እንጂ ባዶውን አንስተው ቢያሳዩአችሁ አትመኑ፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው፣ ድንገት ከወረደ ጣት ይቀጠቅጣል። ፍራሹ የሚያርፍበትም ድፍን ጣውላ ሳይሆን በመሀሉ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ይሁን። ክረምት ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ከሥሩ ከታፈነ ይረጥባል፣ ይሻግታል።

ለመቀመጫ ባለ ሁለት ሰው ቀጥ ያለ ሶፋ ይበቃችኋል፣ ርዝመቱ ከ1.60 የማይበልጥ። ስትገዢ የእጅ ማሳረፊያውን ለኪ። በሁለቱም ጎን 25 ሳንቲም የሆነ ማሳረፊያ ያለው ሶፋ ግማሽ ሜትር በከንቱ ይወስዳል፤ ያ የአንድ ሰው መቀመጫ ነው። ከሥሩ እግር ያለው ይሁን፣ ለመጥረግም ለመወልወልም ይመቻል፣ ወለሉ ሲታይም ክፍሉ ሰፋ ይላል። በዚያ ላይ ክዳን ያለው ፑፍ ጨምሪ፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ውስጡ የልጅቷን መጫወቻ ይይዛል። የቡና ዕቃውንም አስቢበት። ረከቦቱ ከሲኒው ጋር የሚገባበት ዝቅ ያለ ሳጥን ካሠራሽ ቀን ቀን እንደ ጠረጴዛ ያገለግልሻል።

እንግዳ ይበዛብናል ላልሽው፣ የሚበዛው ስንቴ ነው? ሁለትና ሦስት ሰው ከሆነ ከላይ ያልኩት ይበቃል፣ መቀመጫ ካነሰ ደግሞ የሚደራረቡ በርጩማዎች ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ለክርስትና ወይም ለልደት ቤት ሙሉ ሰው ሲመጣ ግን ወንበሩ ከእድር ይመጣል ወይም ይከራያል፣ የጋራ መጠቀሚያው ቤትም አለ። በዓመት ሁለት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ብላችሁ ሌላውን ቀን ሁሉ ተጣብባችሁ አትኑሩ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረጃውን ለኩ። የቤቱን በር ብቻ ሳይሆን ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታም። ዕቃው አልታጠፍ ሲል በበረንዳ በገመድ ይሳብ ይባላል፤ እሱ ለጫኝ አውራጆቹም ከታች ለሚያልፈው ሰውም አደጋ ነው። ተፈታትቶ የሚገባ፣ ቤት ውስጥ የሚገጠም ዕቃ ምረጡ። አናጺው ራሱ መጥቶ ይለካ፣ ልኩ በወረቀት ይጻፍ፣ ቀብዱም ከዚያ በኋላ ይከፈል።

ጥያቄ፦ ሰላም። አራት ኪሎ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። 3 በ3 ናት፣ ግን አሮጌ ቤት ስለሆነ ጣሪያዋ ከፍ ያለ ነው፣ 3 ሜትር ከ20 ይሆናል። ቲክቶክ ላይ ቀን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ውሎ ማታ የሚወርድ አልጋ አየሁ። አናጺ ላናግር? (ተከራዩ ነኝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው አልጋ አዲስ ነገር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዊልያም መርፊ የሚባል ሰው፣ እንዳንተው በአንድ ክፍል የሚኖር፣ ያስፋፋው ነው። ጥሩ አልጋ ነው፣ ግን አንተ ላለህበት ቤት አይሆንም። ያ አልጋ እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋር በደንብ መታሰር አለበት። የቆየ ቤት ግድግዳ ጭቃ የተመረገ እንጨት ሊሆን ይችላል፣ ፊሸር አይዝም። ብሎኬት ቢሆንም ውስጡ ክፍት ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ መለያያ ግድግዳ አግሮስቶን የሚባል ቀላል የፋብሪካ ሰሌዳ ነው። ከተነቀለ የሚወድቀው አንተ ላይ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ የአከራይህ ነው፤ ነገ ልቀቅ ቢሉህ ግድግዳውን ጠግነህ አልጋውን ጥለህ ትወጣለህ።

ያንተ ሀብት ቁመቱ ነው። ቆጥ አሠራ! የመሀል ከተማ ሰው ስንት ዓመት የኖረበት ዘዴ እያለ ቲክቶክ ጋ አትሂድ። ግን ግድግዳ የማይነካ፣ በራሱ እግር የሚቆም ቆጥ ይሁን። በያጅ ጋ ሄደህ ከቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት ከሆነው ብረት፣ አሠራው፣ መጋጠሚያዎቹ በብየዳ ሳይሆን በብሎን ይሁኑ፤ ቤት ስትቀይር ፈትተህ ጭነኸው ትሄዳለህ። መኝታውን ከወለሉ 1.90 ሜትር ከፍ አድርገው። ከሥሩ ቆመህ ትሄዳለህ፣ ከላይም ፍራሹ ተቀንሶ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚተርፍህ ቁጭ ማለት ትችላለህ። ጠርዙ ላይ መከለያ ይኑረው፣ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲም። መሰላሉም በብሎን ይታሰር እንጂ እንዲሁ አይደገፍ።

አንድ ነገር አደራ። ከቆጥ ሥር ከሰል አታንድድ፣ ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጭስ ባይታይህም መርዙ ቤት ውስጥ ይከማቻል፣ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ተኝቶ ሳይነቃ የቀረ ሰው አለ። ቡናውን በረንዳ ወይም ግቢ ላይ አፍላ፣ ካልሆነም የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። ካዛንቺስ ብዙ ዘመን ኖረን ተነሳን፣ አሁን ጎተራ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ገባን። ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ ያሠሩት የዋንዛ ብፌ አለኝ፣ ሳሎኑን ሞላው። ልጆቹ ሽጪውና የኤምዲኤፍ ቀጭን ነገር እንግዛ ይላሉ። እኔ ሆዴ አልቻለም። (እናት ነኝ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንዳይሸጡት። ሆድዎ ስላልቻለ ብቻ አይደለም፣ ዕቃውም ከኤምዲኤፉ የተሻለ ነው። ኤምዲኤፍ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ ወደነበረበት አይመለስም። ወለል በውሃ በሚታጠብበት፣ ጄሪካን ከጥግ በማይጠፋበት ቤት ከእግሩ ይጀምረዋል። ብሎኑ አንዴ ከተነቀለም መልሶ አጥብቆ አይይዝም። ዋንዛ ግን ይቆረጣል፣ ይላጋል፣ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል።

የድሮ ብፌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ላዩ ባለ መስታወት፣ ታቹ ባለ በር። ልጆችዎ ከኋላ በኩል ብሎኑን አይተው ይለያዩት። ታቹ ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል፣ ሌላ ጠረጴዛ መግዛትም ይቀራል። ላዩን ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት፣ ይከብዳል። አናጺ አጭር እግር ይሥራለትና መኝታ ቤት ይግባ፤ መስታወቱን አስወጥተው ልብስና አንሶላ ይደርድሩበት። ጥልቀቱ ከበዛ አናጺው ከኋላው ሊቀንሰው ይችላል። ሥራውን ለማያውቁት ሰው አይስጡ፤ በድሮ እንጨት የሠራ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ አናጺ ያፈላልጉ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ወንዶች ልጆቻችን፣ 4 እና 7 ዓመት፣ ተደራራቢ አልጋ ልንገዛ ነው። ሁለቱም ከላይ ካልተኛሁ ብለው ይጣላሉ። ተራ በተራ ብናደርግስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ተራ በተራ አይሆንም። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ መተኛት የለበትም፤ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች። ላይኛው በአራቱም ጎን መከለያ ይኑረው፣ ግድግዳ በኩልም ጭምር፣ ምክንያቱም ልጅ በግድግዳውና በአልጋው መሀል ሾልኮ ሊጣበቅ ይችላል። ወፍራም ፍራሽ አታድርጉበት፣ መከለያውን ያሳጥረዋል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ላይኛውን ይዛችሁ በደንብ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።