መሬት ያልረገጡት መርከበኞች፦ ስለ ኤጀንት ኦሬንጅ ካሳ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄያችሁ በሙሉ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ስላገለገሉ ሰዎች ነው። ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከቬተራን (ከቀድሞ ወታደር) ጋር ትዳር ይዛችኋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

የምንከባከባቸው አባት መርከበኛ ነበሩ። የቬትናምን መሬት አልረገጡም። ኤጀንት ኦሬንጅ የሚሉት መርዝ የተረጨው ደግሞ ጫካ ላይ ነው። ታዲያ እሳቸውን ምን ነካቸው?

ውሃው፣ እህቴ። አሜሪካ ከ1962 እስከ 1971 ጫካና ሰብል ላይ የዛፍና የሣር ማጥፊያ ኬሚካል ትረጭ ነበር። ኤጀንት ኦሬንጅ በሚባለው ውስጥ ዳዮክሲን የተባለ አደገኛ መርዝ ነበረበት። ይህ በወንዝ እየታጠበ ወደ ባሕር ወረደ። መርከቦቹ ደግሞ የባሕር ውሃ እያተነኑ፣ ጨዉን አስቀርተው ነበር የሚጠጡት። በ2002 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ዳዮክሲኑ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ተነስቶ በተጣራው ውሃ ውስጥ እንደሚጠራቀም አሳየ።

የሚገርመው፣ የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) «መሬት ያልረገጠ ካሳ አይገባውም» የሚለውን መመሪያ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። መርከበኞቹ ለዓመታት ተመላለሱ። በጥር 2019 ፕሮኮፒዮ የተባለ መርከበኛ ቪኤን በከሰሰበት ጉዳይ ለመርከበኞቹ ተፈረደ፤ በሰኔ ሕግ ወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በጣም ዘግይቷል። ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈዋል።

በሽታው ከመርዙ መምጣቱን በሐኪም ማስመስከር አለባቸው?

የለባቸውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሽታው ቪኤ በሚቀበለው ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ሕጉ ከመርዙ እንደመጣ አድርጎ ይወስደዋል። ዋናው ጭቅጭቅ መርከቡ የት ነበር የሚለው ነው። ከጥር 9 ቀን 1962 እስከ ግንቦት 7 ቀን 1975 ባለው ጊዜ፣ ከቬትናም ወይም ከካምቦዲያ የባሕር ወሰን መስመር 12 ኖቲካል ማይል (22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሳያልፍ የነበረ መርከብ ይቆጠራል።

ይህን የሚያሳየው የመርከቡ የዕለት መዝገብ ነው፤ የቆመበት ቦታ በየቀኑ ይጻፍበታል። መዝገቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ ቪኤም ራሱ ይፈትሻቸዋል። ስለዚህ የመርከቡን ስምና የነበሩበትን ወራት በትክክል ጻፉላቸው። አባት ከረሱ፣ የድሮ ደብዳቤና ፎቶ አገላብጡ።

ስኳርና ደም ግፊት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ?

ሁለቱም ይገባሉ። ዓይነት 2 ስኳር ከቆየ ቆይቷል። ደም ግፊት የገባው በ2022 ፓክት አክት በሚባለው ሕግ ነው። የፕሮስቴት፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር፣ ፓርኪንሰን፣ የልብ ደም ሥር መጥበብም አሉ። በፊት ደም ግፊት አለብኝ ብሎ የተከለከለ ሰው እንደገና ይሞክር።

ባለቤቴ ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። አበቃ ማለት ነው?

ነፍስ ይማር። አላበቃም። የሞተው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባለ በሽታ ከሆነ፣ ለሚስት የሚከፈል ወርሃዊ የሞት ካሳ አለ። የጋብቻና የሞት ማስረጃ ያዢ። ሞት ማስረጃው ላይ የተጻፈውን የሞት ምክንያት ደግሞ በደንብ አንብቢ፤ «ልብ ቆመ» ብቻ ከሆነ ከሥሩ የነበረውን በሽታ የሚያሳይ የሕክምና ወረቀት ጨምሪ። የድሮው ክልከላም ዋጋ አለው፤ አንዳንዴ ገንዘቡ ወደ መጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ተመልሶ ይታሰባል።

አንድ ሰው ማመልከቻውን ልሙላላችሁ፣ ከሚመጣው ላይ ሠላሳ በመቶ ስጡኝ አለን።

ሂድ በሉት። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማስከፈል ሕግ ይከለክላል። ቪኤ ፈቃድ የሰጣቸው የቬተራን ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይሞላሉ። ጠበቃ በሕግ ማስከፈል የሚችለው ቪኤ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው።

ታክስ አለው?

የለውም።

ጣሊያን በጋዝ የፈጃቸው አርበኞቻችንስ ካሳ አግኝተዋል?

ከርዕሳችን ወጣ ይላል፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1947 የፓሪስ ስምምነት ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ያ ለመንግሥት የሚሰጥ ካሳ ነበር፤ የቆቃ ግድብም ከዚሁ የተሠራ ነው። ጋዙን መጠቀሟን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1996 ነው።

የሐኪም ወረቀቱ ገና አልተሟላም። እንጠብቅ?

አትጠብቁ። «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚል ማሳወቂያ አለ፤ በስልክም ይቻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ጊዜ ታገኛላችሁ። ካሳው ከተፈቀደ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ካሳወቃችሁበት ቀን ነው። መጀመሪያ ደውሉ፤ ወረቀቱ ይደርሳል።